ጥሪው ከወዴት መጣ?
ስለ ስውር አእምሮና ስለ መንፈሳዊ ልምምድ

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ሳምንት የምናነሣው ጥያቄ በተማሪ ቤትም በመሥሪያ ቤትም የሚሰማ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በቀልድ ወይም በቍጣ ስለሚነሣ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። አንድ ሰው «በሕልሜ ተጠራሁ»፣ «ስጸልይ ልቤ በድንገት በራ»፣ «ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሌላ ሰው ሆንሁ» ብሎ ይናገራል። ከሰሚዎቹ አንዱ «የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ይላል። ሌላው፤ ጥቂት መጽሐፍ ያገላበጠው፤ «ይህ ሁሉ የገዛ አእምሮህ ሥራ ነው» ብሎ ይስቃል። ከሁለቱ እውነተኛው ማንኛው ነው? ወይስ ሁለቱም ባንድነት እውነት ሊሆኑ ይችላሉን?

ነገሩ እንዲቀልልን አንድ ወጣት በሐሳባችን እንሣል። ይህ ወጣት በወላይታ፣ በዱጉና ፋንጎ ወረዳ፣ በዲምቱ ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው እንበል። ዲምቱ ከሶዶ በስተ ምሥራቅ፣ በብላቴ ወንዝ በኩል ያለች የገበያ ከተማ ናት። ወጣቱ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ በአንድ የጸሎት ሌሊት አለቀሰ፤ ከልቅሶውም በኋላ ከዚያ በፊት አግኝቶት የማያውቀውን ሰላም አገኘ። በማግሥቱ በመሬት ድንበር የተጣላውን ወንድሙን ሄዶ ታረቀው፤ መጠጡንም ተወ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1999 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው ወደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ገባና በሥነ ልቡና ትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለ ስውር አእምሮ ሰማ። ያን ቀን ወደ መኝታው የተመለሰው አንገቱን ደፍቶ ነው። «ያች ሌሊት የነርቭ ሥራ ብቻ ኖራለች ማለት ነውን?» እያለ ራሱን ይጠይቃል።

ለዚህ ልጅ ነገሩ የክርክር ጨዋታ አይደለም። ሕይወቱን የመሠረተው በዚያች ሌሊት ላይ ነው። የዚህን ልጅ ጥያቄ የሚጠይቁ ወጣቶች በአገራችን ብዙዎች ስለ ሆኑ፤ ነገሩን በዝግታ መመርመር ይገባናል።

ስውር አእምሮ ምንድር ነው?

አእምሮ ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው አሁን የምናውቀውን፣ የምናስታውሰውንና የምንመርጥበትን ክፍል ነው። ሊቃውንት ግን ከዚህ በታች ሌላ ሰፊ ክፍል አለ ይላሉ። ይህ ክፍል ሳናየው ይሠራል፤ ሳናዝዘው ያስታውሳል፤ ሳናማክረው ይፈራል፤ ይወዳልም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ስውር አእምሮ እንለዋለን።

ይህን ለማመን መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግህም። የሰው ስም ጠፍቶብህ ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው ውለህ፤ ተስፋ ቈርጠህ ከተውኸው በኋላ ፊትህን ስትታጠብ ድንገት ትዝ ብሎህ አያውቅምን? ሒሳቡ አልገጥም ብሎት ያመሸ ጸሐፊ፤ ከእንቅልፉ ሲነቃ ስሕተቱ በየትኛው ረድፍ እንዳለ አውቆ የሚነሣበት ጊዜ አለ። እርሱ ተኝቶ ሳለ በውስጡ የሚሠራ ነገር ነበር ማለት ነው። አባቶቻችንም «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ሲሉ፤ ሰው የደበቀው ነገር በውስጡ እንደሚቈይና ጠባቂው ሲዘናጋ ብቅ እንደሚል ማወቃቸው ነው።

በቪየና ከተማ ሐኪም የነበረው ሲግመንድ ፍሮይድ ይህን ነገር ወደ ሰፊ ትምህርት ለወጠው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1900 ባወጣው የሕልም ትርጓሜ መጽሐፍ፤ ሕልም ከላይ የሚታይ አንድ ፊት፣ ከሥር የተሰወረ ሌላ ፊት እንዳለው ጻፈ። የአውሮፓ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ገጽ ሳያስፈልገው አልቀረም፤ የቅኔ አገር ሰው ግን በአንድ ቃል ይገባዋል። ሕልም ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ ሌሊት ያየኸው ነገር ነው፤ ወርቁ ልብህ ሊናገረው ፈልጎ በቀጥታ ሊናገረው ያልደፈረው ነው። ለምሳሌ አንድ አዲስ ተቀጣሪ፤ ትምህርቱን ከጨረሰ ዓመታት አልፈውት ሳለ፤ በፈተና አዳራሽ ተቀምጦ ብዕሩ አልጽፍ ሲለው ያልማል። ሰሙ ፈተናውና ብዕሩ ነው። ወርቁ ምናልባት «ለዚህ ሥራ ብቁ አይደለሁም ብለው ያባርሩኛል» የሚለው የቀን ፍርሃቱ ሊሆን ይችላል።

የዛሬው ሳይንስ ፍሮይድ ካስተማረው ብዙውን አይቀበለውም። ከአእምሮአችን ሥራ ከፍ ያለው ክፍል እኛ ሳናውቀው የሚከናወን መሆኑን ግን ዛሬ የሚጠራጠር የለም።

ሦስት ሊቃውንት፣ ሦስት መልስ

ስለ ሃይማኖት ሲጠየቁ ሊቃውንቱ ተለያዩ። ፍሮይድ በ1927 ባወጣው መጽሐፍ፤ ሰው በዓለም ላይ ብቸኝነትና ፍርሃት ሲይዘው የልጅነቱን ዘመን አባት ይመኛል፤ ያም ምኞት የሰማይ አባት ይሆንለታል ሲል ጻፈ። ፍሮይድን የሚጠቅሱ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ምኞት የወለደው እምነት ሁሉ የግድ ሐሰት እንዳልሆነ ራሱ ያምናል። አንዲት ተራ ልጃገረድ የንጉሥ ልጅ መጥቶ እንደሚያገባት ብትመኝ፤ ነገሩ እምብዛም የማይሆን ቢመስልም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «ስለ ተመኘኸው አመንህ» ማለትና «ያመንኸው የለም» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው የስዊስ አገሩ ካርል ዩንግ ነው። የቄስ ልጅ የነበረው ይህ ሰው በመጀመሪያ የፍሮይድ ወዳጅ ሆኖ፤ በ1913 ግን ተለያዩ። ለዩንግ ስውር አእምሮ የተጣሉ ምኞቶች ማጠራቀሚያ ብቻ አልነበረም፤ የሰው ልጆች ሁሉ በጋራ የያዙት የጥንት ሥዕል ያለበት ግምጃ ቤትም ነበር። በ1937 በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ስለ ሥነ ልቡናና ስለ ሃይማኖት ትምህርት ሰጠ። እርሱም በሙያው ሊመረምር የሚችለው በነፍስ ውስጥ ያለውን የእግዚአብሔርን ሥዕል እንደ ሆነ፤ እግዚአብሔር ራሱ መኖር አለመኖሩን መፍረድ ግን የሥነ ልቡና ሥራ እንዳልሆነ ደጋግሞ ተናግሯል።

ሦስተኛው አሜሪካዊው ዊልያም ጀምስ ነው። በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ የሰጠው ትምህርት በ1902 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ጀምስ ለዲምቱው ወጣት የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አስተማረ። አንደኛው፤ ድንገተኛ የሚመስል የልብ መለወጥ ብዙ ጊዜ ከሥር ሲዘጋጅ የቈየ ነው፤ ዘሩ ከመሬት በታች ቈይቶ አንድ ቀን ጧት ብቅ እንደሚል። ሁለተኛው፤ የአንድን ነገር ሥር በማወቅ ዋጋውን መወሰን አይቻልም። አንዳንድ ሐኪሞች ሐዋርያው ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ ያየው ብርሃን የሚጥል በሽታ ነው ብለው ነገሩን የዘጉት መሰላቸው። ጀምስ ግን እንደዚህ ከሆነ የከሓዲውም ክሕደት ከጉበቱ ሁኔታ የመጣ ነው ልንል ነው ሲል መለሰላቸው። የሁሉም ሰው ሐሳብ፤ የአማኙም፣ የከሓዲውም፣ የሊቁም፤ በሥጋና በነርቭ በኩል ያልፋል። ስለዚህ መመዘን የሚገባው ፍሬው ነው አለ።

የመሥሪያ ቤት ሰው ከሆንህ ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ቶሎ ትረዳዋለህ። ወደ መሥሪያ ቤትህ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በመዝገብ ቤት በኩል ያልፋል፤ ቍጥርና ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙን አይተህ «ይህን ደብዳቤ የጻፈው መዝገብ ቤቱ ነው» ትላለህን? አትልም። «ማኅተም ስላለው እውነተኛ ደብዳቤ ነው» ብለህስ ታምናለህን? ይህንንም አትልም፤ የሐሰት ደብዳቤም በዚያው በር ገብቶ ያንኑ ቍጥር ሊያገኝ ይችላልና። ማኅተሙ የሚነግርህ ደብዳቤው በየት በኩል እንዳለፈ ነው። ላኪውን ለማወቅ ውስጡን ማንበብ፣ ፊርማውን መመርመር፣ ትእዛዙም ሲፈጸም ምን እንደሚያስከትል ማየት አለብህ። ስውር አእምሮም የነፍስ መዝገብ ቤት ነው። ጥሪ፣ ምኞት፣ ፍርሃት፣ የልጅነት ትዝታ፣ ሁሉም በእርሱ በኩል ያልፋሉ።

በወላይታ የሆነው

አሁን ወደ ወላይታ እንመለስ፤ ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ እንዳይቀር በምድሪቱ ታሪክ ልንፈትነው እንችላለንና።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዳሞት ንጉሥ በሞቶሎሚ ዘመን በዚያ አገር አስተምረዋል፤ የወላይታም ሕዝብ የሞቶሎሚን ስም እስከ ዛሬ ያነሣል። ጻድቁ ስለ ተጠሩበት ቀን ገድላቸው ሲናገር፤ በወጣትነታቸው ለአደን ወጥተው ሳሉ ቅዱስ ሚካኤል ታያቸው፤ ከእንግዲህ ወዲህ የሚያድኑት የሰውን ነፍስ እንጂ የዱር አራዊትን እንዳልሆነ ተነገራቸው ይላል። ልብ በል፤ ለአዳኙ ጥሪው በአደን ቋንቋ መጣ። ለዓሣ አጥማጁ ለጴጥሮስም በመረብ ቋንቋ መጥቶ ነበር። ምሁሩ «ሥዕሉ የተወሰደው ከራሱ አእምሮ ነው» ቢል ልክ ነው። አማኙም «ላኪው ተቀባዩ በሚያውቀው ቋንቋ ጻፈለት» ቢል የሚያስተባብለው ማስረጃ የለም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ወላይታ ከመድረሳቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት፤ ከጋሞ አገር የተነሣ ኤሳ የሚባል ሰው በአካባቢው እየዞረ ሰበከ። ጥንቈላን ተዉ፤ በሰማይ ያለውን ፈጣሪ ጦሳን ብቻ ለምኑ፤ ኀጢአታችሁን ተናዘዙ፤ እሑድን አክብሩ ይል ነበር። ሹማምንቱ ያዙት፤ ስብከቱ ግን በየቤቱ ተሰምቶ አልፎ ነበር። እንቅስቃሴው ቢበርድም ቃሉ በሰው ልብ ቀረ።

በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት የመጡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎች በወላይታ ሥራ ጀመሩ። በ1929 ዓ.ም. ጣልያኖች ከአገር ሲያስወጧቸው፤ ሚሲዮኑ በመዘገበው መሠረት የተጠመቁት የወላይታ ሰዎች 48 ብቻ ነበሩ። በወላይትኛ የተተረጐመውም የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት ነበር። ጣልያን ተሸንፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን የአማኞቹ ቍጥር ወደ 10,000፣ ጉባኤያቱም ወደ 100 ደርሰው አገኙ። በመካከሉ ያስተማሩት የአገሩ ልጆች፤ አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ።

ይህን እንዴት እንተርጕመው? የሥነ ልቡና ሰው ብዙ ሊል ይችላል። የጦርነት ጭንቀት ሰውን መጠጊያ ያስፈልገዋል ይላል፤ እውነት ነው። ኤሳ የዘራው ቃል በስውር አእምሮ ቈይቶ በቀለ ይላል፤ ይህም ጀምስ ካስተማረው ጋር ይስማማል። በተለይ አንድ ልማድ ትኵረታችንን ይስባል። አዲስ አማኝ በሰው ፊት እጁን አንሥቶ ሰይጣንን መካዱንና በክርስቶስ ማመኑን በቃሉ ይናገር ነበር። እስከ ትናንት ድረስ ልጁ ሲታመምበት «የትኛው መንፈስ ተቈጥቶ ነው?» ብሎ ወደ ጠንቋይ የሚሮጥ ሰው ነው። እንደዚህ ያለው ፍርሃት የሚኖረው በስውሩ ክፍል ውስጥ ስለ ሆነ በክርክር ብቻ አይወጣም። በሰው ፊት በተነሣ እጅና በተነገረ ቃል ግን ተሰበረ። ዛሬ ማንኛውም የአእምሮ ሐኪም በግልጽ የተነገረ ቃል በውስጣችን ምን ያህል ኃይል እንዳለው ይመሰክራል።

መንገዱን እንዲህ አብራራን። ፍሬውስ? ዋንዳሮ የተባለው ሰባኪ በጣልያኖች እጅ ታሰረ፤ ተገረፈም፤ ሲወጣም ማስተማሩን ቀጠለ። በእስር ላይ ለነበሩት ወንድሞቻቸው አማኞቹ ስንቅ ተሸክመው ይመላለሱ እንደ ነበር፤ ምግቡም ለሌሎቹ እስረኞች ጭምር እስኪተርፍ ድረስ ይመጣ እንደ ነበር የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። የማያምኑትን ሰዎች ያስደነቃቸው ይህ ነበር። ከራሱ ጓዳ አጕድሎ፤ ጠባቂ ሳይፈራ፤ ለማያውቀው እስረኛ እንጀራ የሚሸከም ሰው የተለወጠው በምን በኩል እንደ ሆነ ማወቅ ጥሩ ዕውቀት ነው፤ እንጀራውን ግን ከእስረኛው እጅ አይነጥቀውም።

ብዛትን ብቻ ግን ማስረጃ አታድርግ። ብዙ ሕዝብ ወደ ከንቱ ነገርም ሲሮጥ በታሪክ ታይቷል። መመስከር የሚችለው በፈተና ጊዜ የተገኘው ፍሬ ነው።

የጥንት አባቶች ጥንቃቄ

አንዳንድ ሰው ልምምድን መመርመር የዘመናዊነት ድፍረት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በግእዝ መጽሐፈ መነኮሳት የሚባሉት ሦስቱ መጻሕፍት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ከትምህርታቸው ከፍ ያለውን ክፍል የሰጡት ለውስጥ ሐሳብ ጥበቃ ነው። የበረሃ አባቶች ከፍሮይድ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድመው ሐሳብ ከራስ፣ ከክፉም፣ ከእግዚአብሔርም ሊመጣ እንደሚችል አስተማሩ። ራእይ አየሁ የሚለውንም መነኵሴ ቶሎ አላመሰገኑትም፤ ነገሩን ለአባቱ ገልጦ እንዲመክርና በትሕትና እንዲቈይ አዘዙት። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው በ7ኛው ምዕራፍ፤ የማይፈልገውን ሲያደርግ ራሱን እንዳገኘው በግልጽ ይናገራል። ሰው ለራሱ ስውር መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች።

አንተም «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለውን ተረት አስታውስ። ይህ ተረት ማስጠንቀቂያም አለበት። ሕልምህን የሚፈታልህ ሰው በአንተ ላይ ሥልጣን ያገኛል። ለፍቺው ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ከቤተሰብህ የሚለይህ፣ ወይም በፍርሃት የሚያስርህ ፈቺ ሲገጥምህ ከእርሱ ራቅ።

ከዚህ በኋላ የራስህን ልምምድ ለመመርመር አራት ጥያቄዎች ይበቁሃል።

1ኛ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ትሑት ሆንህ ወይስ ሌሎችን መናቅ ጀመርህ?

2ኛ፤ የበደልኸውን ካስህ? ዕዳህን ከፈልህ? የተጣላኸውን ታረቅህ?

3ኛ፤ ለውጡ ለአንድ ሳምንት ነው ወይስ ዓመታትን አለፈ?

4ኛ፤ አብረውህ የሚኖሩት፣ እናትህ፣ እኅትህ፣ የሥራ ጓደኛህ፣ አንተ ሳትነግራቸው ለውጡን አዩት?

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

በዚህ ነገር ዝም ብሎ ማለፍ በሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ይሆናል። የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ጥሪ አይደለም። ወንድምህ ወይም እኅትህ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ከተዉ፣ ራሳቸውን ወይም ሌላውን እንዲጐዱ የሚያዝዝ ድምፅ ከሰሙ፣ ያለ ምክንያት ሰው ሁሉ የሚያሳድዳቸው ከመሰላቸው፤ ያ ሕመም ሊሆን ይችላልና ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ውሰዳቸው። ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር፤ ዛሬ ግን በሌሎች ከተሞችም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች አሉ።

ወደ ሐኪም መሄድ እምነትን መካድ አይደለም። ጸሎቱም ጠበሉም ሊቀጥል ይችላል፤ መድኃኒቱም ሊዋጥ ይችላል። ክፉው ነገር አንዱን ለማክበር ሌላውን መከልከል ነው። በሽተኛን በሰንሰለት አስሮ ማስቀመጥ፣ ወይም «ከዳንህ መድኃኒቱን ጣል» ብሎ ማስገደድ፣ ስንት ወጣት ከትምህርቱና ከሥራው አስቀርቷል! በሌላውም በኩል፤ ጤነኛ ሆኖ የሚሠራውን፣ የሚወድደውንና የሚረዳውን ሰው አጥብቆ ስለ ጸለየ ብቻ በሽተኛ ማለት የሕክምናን ስም ያለ ቦታው መጠቀም ነው።

እንግዲህ ለዲምቱው ወጣት የምንመልስለት ይህ ነው። ከያች ሌሊትና ከትምህርትህ አንዱን እንድትጥል የሚያስገድድህ የለም። መምህርህ ያስተማረህ ደብዳቤው ያለፈበትን በር ነው፤ በደንብ ተማረው፤ ፈተናውንም እለፍ። ላኪውን ግን ከወንድምህ ጋር በታረቅህበት ድንበር ላይ ፈልገው፤ እርቁ እስከ ዛሬ ከጸና፤ ያች ሌሊት ላንተ ብቻ ሳይሆን ለጐረቤትም የምትታይ ፍሬ አፍርታለች።

የሚስቀውንም ጓደኛ አንድ ነገር እንለምነው። በሰው ጸሎት ከመሳቅህ በፊት ያ ሰው ከጸሎቱ ሲነሣ ምን እንደሚሠራ አንድ ዓመት ያህል ተመልከተው፤ ከዚያም ፍረድ።